የጋሽ መንገሻ ኮት

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለቀረጻ የተከራዩት ቤት ሳሎን፤ መሃል ወለሉ ላይ ባዶ የሬሳ ሣጥን፤ አሥራ አንድ ዓመት የታየ የቴሌቪዥን ድራማ ደራሲና አዘጋጅ የሆነችው ዘነበወርቅ፣ በድራማው ጋሽ መንገሻን ሆኖ ከሚጫወተው ከሽብሩ ጋር በር ዘግታ ትጣላለች።

ሽብሩ፦ አልገባም አልኩ፣ አልገባም።

ዘነበወርቅ፦ በአንተ ቁመት ነው ያሠራሁት። ትገባለህ።

ሽብሩ፦ እሱንማ አየሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ሱሪ በልኬ አሰፍተሽልኝ አታውቂም። ሣጥን ሲሆን ለክተሽ አመጣሽ።

ዘነበወርቅ፦ ሽብሩ፣ ግቢው ውስጥ ሠላሳ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ካሜራው ተተክሏል። ካንተ የሚፈለገው መተኛት ብቻ ነው። የምትናገረው እንኳን የለህም።

ሽብሩ፦ እሱ አይደል የሚያንገበግበኝ? አሥራ አንድ ዓመት ስናገር ኖሬ በመጨረሻው ክፍል አፌን በጥጥ ደፈንሽው።

ዘነበወርቅ፦ የሞተ ሰው ምን ይበል?

ሽብሩ፦ ማን ግደይው አለሽ? ፀበል ላኪው። ገዳም አስገቢው። ከልጁ ጋር አጣልተሽ አገሩ መልሺው። ሰው ከድራማ የሚወጣበት መንገድ ጠፍቶ ነው? አንቺ ግን የሞቴን ጽሑፍ ትናንት በፖስታ አሽገሽ እንደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላክሽልኝ።

ዘነበወርቅ፦ መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ ልላክብህ ነበር?

ሽብሩ፦ ብትልኪስ? ጋሽ መንገሻ ሽማግሌ ያንሰዋል?

ዘነበወርቅ፦ ጋሽ መንገሻ፣ ጋሽ መንገሻ አትበልብኝ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ይሄን የለበስከውን ኮት ሰልባጅ ተራ ግማሽ ቀን ዞሬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ክርኑ ላይ ያለውን እራፊ በእጄ ነው የጣፍኩት። ባርኔጣውንና ከዘራውን አጎቴን ለምኜ ነው ያመጣሁት። አንተ ደግሞ ኮቱን በፌስታል ጠቅልለህ እያወጣህ ቤትህ ስልክ ፊት ትገተርበታለህ።

ሽብሩ፦ መልሼ አመጣው የለ።

ዘነበወርቅ፦ የቀረጻ ልብስ ከግቢ አይወጣም። ይህን ሕግ የማያውቅ አንድ ሰው እዚህ ቤት የለም። አንተ ግን ባለፈው ወር በዚህ ኮት ቆመህ የምንጣፍ ሳሙና አመሰገንክ። ጋሽ መንገሻ፣ ሳሙና። ያ ሰውዬ የገዛ ልጁን ሲድር እንኳን ሰው ፊት ስለ ጥሎሽ ማውራት አፍሮ መሬት መሬት ያየ ሰው ነው።

ሽብሩ፦ አራት መቶ ሺህ ሰው አየው።

ዘነበወርቅ፦ አራት መቶ ሺህ አውራ ጣት ነካው በል።

ሽብሩ፦ ያንቺንስ ማን አየው? እሑድ ማታ ከራት በኋላ ነበርን። መንገድ ላይ ሰው አይታይም ነበር። ከዚያ ቅዳሜ ከሰዓት አደረጉን። ከዚያ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት። ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን የሚያይ ማነው? ጥበቃና በሽተኛ።

ዘነበወርቅ፦ ጥበቃም በሽተኛም ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ያያል፣ እስከ መጨረሻው ያያል። ያንተዎቹ ሽንት ቤት ተቀምጠው ነው የሚያዩህ።

ሽብሩ፦ ይዩኝ እንጂ የትም ይቀመጡ።

ዘነበወርቅ፦ ቴሌቪዥን የመጣ ጊዜ ሬዲዮ አለቀለት ብለው ነበር። ይኸው ሬዲዮው በየታክሲው ይጮኻል።

ሽብሩ፦ የሹፌሩ ሁለት እጅ መሪ ስለያዘ ነው። እጁ ቢፈታለት እሱም ስልኩን ነው የሚያየው። ደግሞ ያያሉ፣ እየነዱ። ይልቅ ስለ አዳራሹ ንገሪኝ። ያ የመጀመሪያ ፊልማችንን ያሳየንበት፣ ሰው ለመግባት ሲጋፋ ጫማውን የጣለበት አዳራሽ ዛሬ ምን ሆነ?

ዘነበወርቅ፦ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሽብሩ፦ አታውቂም፣ እኔ ልንገርሽ። የሶፋ መሸጫ ሆኗል። ትኬት በምንቆርጥበት መስኮት ላይ "ታላቅ ቅናሽ" ብለው ለጥፈዋል። ይሄን ሣጥን ለኔ ያሠራሽው ይመስልሻል እንጂ ለቴሌቪዥንሽ ነው።

ዘነበወርቅ፦ የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል። አንተም ምሣርህን ስለህ መጣህ። ከፋብሪካ የኪነት ቡድን ውስጥ ከበሮ ስትደልቅ ያገኘሁህ ሰው፣ አንተ።

ሽብሩ፦ ይኸው፣ ውለታው መጣ። እኔ እኮ እየቆየ ነው ብዬ ነበር።

ዘነበወርቅ፦ ውለታ አይደለም። ንዴት ነው። ስቆጣና ስቆጥር አትለይም?

ሽብሩ፦ እሺ፣ ንዴቱን እንተወውና ቁም ነገር እናውራ። ሰውዬውን አትግደይው። ስልክ ላይ ወዳለው ገጼ ይዘሽው ነይ። በየቀኑ ሦስት ሦስት ደቂቃ ጻፊልኝ። ጣቢያ የለ፣ ኃላፊ የለ፣ ሰዓት ቀየርንብሽ የሚልሽ የለ።

ዘነበወርቅ፦ ሦስት ደቂቃ? ጋሽ መንገሻ ጉሮሮውን ጠርጎ ለመጀመር ብቻ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል።

ሽብሩ፦ ሳይጠርግ ይጀምራ።

ዘነበወርቅ፦ ያን ጊዜማ እሱ አይደለም። አንተ ነህ፣ ኮት የለበስክ።

ሽብሩ፦ አመሰግናለሁ።

ዘነበወርቅ፦ ለምን ይከፋሃል? እውነቴን ነው። ሰዎቹ የወደዱት ዝምታውን ነው። ልጁ ስትሰድበው መልስ ሳይሰጥ ከዘራውን ያነሳና በሩ ላይ ቆም ይላል። ያቺን ቆም ማለት አሥራ አንድ ዓመት ሠራናት። ስልክ ላይ ቆም ብትል የሚያይህ ሰው በጣቱ ገፍቶህ ወደ ሌላው ያልፋል። ስለዚህ ትጮኻለህ። አየሁህ፣ ትጮኻለህ፣ ዓይንህ ይፈጣል። አንጀቴ ነው የሚቃጠለው። አሁን ኮቱን አውልቅና መግነዙን ልበስልኝ።

ሽብሩ፦ ዘኔ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ሣጥኑን የምፈራው ስለ ገጼ ብቻ አይደለም። እናቴን ነው።

ዘነበወርቅ፦ እማማ ይርገዱን?

ሽብሩ፦ ሸኖ ቁጭ ብላ ረቡዕ ረቡዕ ታየኛለች። እኔ በገዛሁላት ቴሌቪዥን። ተገንዤ ሣጥን ውስጥ ልትይኝ ነው? እናት በቁሟ የልጇን ሬሳ? ሟርት ነው።

ዘነበወርቅ፦ ድራማ መሆኑን ታውቃለች።

ሽብሩ፦ ምኑን ታውቃለች? ጋሽ መንገሻ ሳንባ ምች የያዘው ጊዜ አይደል እንዴ በሚኒባስ አጥሚት የላከችልኝ? አንቺ አይደለሽ መናኸሪያ ሄደሽ የተቀበልሽው?

ዘነበወርቅ፦ ግማሹን የጠጣሁትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ሄደህ ደህና መሆንህን አሳያት አልኩህ። ሄድክ?

ሽብሩ፦ ቀረጻ ነበረብን።

ዘነበወርቅ፦ እሑድ እሑድ ቀረጻ የለንም።

ሽብሩ፦ እሑድ ለገጼ እቀርጻለሁ።

ዘነበወርቅ፦ ሸኖ እኮ ነው፣ ሽብሩ። ቁርስ በልተህ ብትነሳ ለምሳ ትደርሳለህ።

ሽብሩ፦ አውቃለሁ። ተይኝ።

ዘነበወርቅ፦ አልተውህም። ለእናትህ ሟርት የሆነው ሞት ትናንት ማታ ለተከታዮችህ ምን ሆነላቸው?

ሽብሩ፦ የምን ትናንት ማታ?

ዘነበወርቅ፦ አታድርቀኝ። የመብራት ሠራተኛው ጠዋት ስልኩን ለማስረከብ ሲመጣ አሳይቶኛል። ያንተ ፎቶ፣ ጥቁር ሪባን፣ የበራ ሻማ። "አሳዛኝ ዜና፣ ተወዳጁ ሽብሩ ከዚህ ዓለም" ብለህ ሦስት ነጥብ ደረደርክ። ስድስት ወር የደበቅኩትን መጨረሻ በአንድ ምሽት በተንከው። ሁሉን እያወቅኩ ነው ከጠዋት ጀምሮ "ሻይ ጠጣህ ወይ" ስልህ የዋልኩት።

ሽብሩ፦ ጽሑፍሽን አንብቤ ተናድጄ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያደረግኩት።

ዘነበወርቅ፦ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ሪባን ቆርጠህ ሻማ ለኮስክ።

ሽብሩ፦ ርዕሱ ካልጮኸ ማን ይከፍተዋል? ውስጡን ብታዪው ግን፣ የሚሞተው ጋሽ መንገሻ ነው፣ እኔ ደህና ነኝ ብዬ በግልጽ ተናግሬያለሁ።

ዘነበወርቅ፦ ስንተኛው ደቂቃ ላይ?

ሽብሩ፦ አራተኛው።

ዘነበወርቅ፦ እስከ አራተኛው የቆየው ስንት ነው? ስልኩ በቁጥር ይነግርሃል አይደል።

ሽብሩ፦ ጠዋት ሳየው ከመቶ ሦስት።

ዘነበወርቅ፦ ዘጠና ሰባቱ ነፍስ ይማር ብሎህ ሄደ።

ሽብሩ፦ ይሂዳ። እናቴ ስልክ የላትም። የደፈርኩትም ለዚያ ነው። እሷ የምታምነው ቴሌቪዥኑን ብቻ ነው፣ በቴሌቪዥን አልሞትም ያልኩሽም ለዚያ ነው።

ዘነበወርቅ፦ እሷ ባይኖራት ጎረቤቶቿም የላቸውም? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ቆይ፣ ስልኬ ነው።

ሽብሩ፦ የኛን ስልክ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አዘግተሽ ሳፋ ውስጥ ሰብስበሻል፣ ያንቺው ይጮኻል።

ዘነበወርቅ፦ አዘጋጅ ነኝ። ሄሎ። አዎ፣ ነኝ። ማን ልበል? አስካለ፣ እንዴት ነሽ፣ ምነው ድምፅሽ? ምን? የምን አስከሬን?

ሽብሩ፦ የትኛዋ አስካለ? እህቴ?

ዘነበወርቅ፦ ዝም በል አንተ። አስካልዬ፣ ስሚኝ፣ የሚመጣ አስከሬን የለም። እዚሁ ነው ያለው፣ ፊት ለፊቴ። አይ፣ በሣጥን አይደለም። ሣጥኑማ አለ፣ እሱ ግን ውጭ ነው። ቆሟል። እንቺ፣ ራሱ ያናግርሽ።

ሽብሩ፦ አስካለ፣ እኔ ነኝ። እኔው ነኝ፣ ማን ልሁን ታዲያ? አታልቅሺ። ማነው የነገራችሁ? እቴቴስ? ስጪያት። ለምን? እሺ ጆሮዋ ላይ አድርጊላት። እቴቴ፣ እኔ ነኝ። እቴቴ። ምን አለች? እሺ። እሺ ገባኝ። እመጣለሁ በያት። እሺ፣ አትበያት።

ዘነበወርቅ፦ ምን ተፈጠረ?

ሽብሩ፦ ዳቦ ቤቱ ያለው ሰውዬ ትናንት ማታ ስልኩ ላይ አይቶ ለዕድሩ ዳኛ ነገረው። እነሱም እንደ ወጉ በሆዳቸው ይዘው አድረው፣ ሳይነጋ ተሰብስበው መጥተው ለእናቴ ለእቴቴ መርዶ ነገሯት። ድንኳን ተጥሏል። አስካለ ከንጋት ጀምሮ ስትደውል ስልኬ ዝግ ነው። ሳፋሽ ውስጥ።

ዘነበወርቅ፦ አሁን ጥፋቱ የሳፋው ሆነ?

ሽብሩ፦ ሞተ የተባለ ሰው ስልኩ ሲዘጋ ምን ይባላል? ያንቺን ቁጥር በአጥሚቱ ጊዜ የጻፈችበትን ወረቀት ፈልጋ ነው ያገኘችሽ።

ዘነበወርቅ፦ በቃ፣ አሁን ድምፅህን ሰምታለች። ደህና ነው ብላ ትንገራታ።

ሽብሩ፦ ነገረቻት። የባሰባት ያን ጊዜ ነው። ሰው ሞቶ ሲደብቁ ምን ይላሉ? "ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ይመጣል" አይደል? አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ነው ያልኳት እኔ ነኝ፣ በዚሁ አፌ። ዛሬ ደህና ነው ሲሏት ደረቷን ትመታለች። እመጣለሁ ብሏል እንኳን አልላትም አለችኝ አስካለ።

ዘነበወርቅ፦ አንተስ ስትናገር?

ሽብሩ፦ ገፋችው። ለካ ሰፈሩ በየቀኑ ቪዲዮዬን እየከፈተ ያሰማታል። "ይሄማ ስልኩ ነው፣ እሱ ቢሞትም ያወራል" አለች።

ዘነበወርቅ፦ እውነቷን ነው።

ሽብሩ፦ አሁን አትጀምሪኝ።

ዘነበወርቅ፦ እውነቷን ነው አልኩህ። ለኔም ላንተም ያልገባን ለእሷ ገብቷታል።

ሽብሩ፦ አልጨረስኩም። ለቀስተኛውን ዝም አሰኝታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣለች። አሥራ አንድ ሰዓትን ነው የምትጠብቀው። "እዚህ ላይ ከመጣ ልጄ አለ፣ ካልመጣ ግን አትዋሹኝ" ብላለች። ደስ ይበልሽ፣ አሸነፍሽ። ነፍሴን የሚመልሳት ቴሌቪዥንሽ ነው። የዛሬው ክፍል ላይ አለሁ አይደል? ከልጄ ጋር አጥሩ ጋ የምጨቃጨቅበት?

ዘነበወርቅ፦ ክፍሉ ላይ አለህ።

ሽብሩ፦ እሰይ። ተመስገን። እንግዲያው ተገላገልን።

ዘነበወርቅ፦ ክፍሉ ነው የሌለው።

ሽብሩ፦ ምን ማለት ነው?

ዘነበወርቅ፦ ስድስት ሰዓት ላይ ከጣቢያው ደወሉልኝ። ከዛሬ ጀምሮ በአሥራ አንድ ሰዓት ሌላ ዝግጅት ይገባል። "የመጨረሻውን ክፍል ሠርተሽ አምጪው፣ ክፍተት ከተገኘ እናያለን" አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሽብሩ፦ ምንድን ነው የሚያስገቡት?

ዘነበወርቅ፦ ከስልክ የተለቃቀመ ቪዲዮ። ድመት ከቁም ሣጥን ስትወድቅ። ሙሽራ ኬኩ ላይ ሲደፋ።

ሽብሩ፦ በቴሌቪዥን?

ዘነበወርቅ፦ በቴሌቪዥን። ምነው ሳቅ አልመጣልህ አለ? ያንተዎቹ ናቸው እኮ የገቡት።

ሽብሩ፦ ይሄን እያወቅሽ ነው ከምሳ በፊት ጀምሮ ሣጥን ውስጥ ግባ የምትዪኝ? ለማን ልትቀብሪኝ ነው?

ዘነበወርቅ፦ ለሰውዬው ለራሱ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሳይሰናበት አይጠፋም። ለቅሶ ሳይደረስለት፣ አፈር ሳይለብስ፣ በአውራ ጣት ተገፍቶ አያልፍም። ጣቢያው ባያሳየው እኔ አየዋለሁ። ቤቱን ለዛሬ ብቻ ነው የሰጡኝ። ሠላሳዎቹም ለዛሬ ብቻ ነው የመጡት። ዛሬ ካልተቀረጸ መቼም አይቀረጽም፣ ገባህ? መቼም።

ሽብሩ፦ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድመቷ ስትወድቅ እናቴ ምን እንደምትሆን ላንቺስ ገብቶሻል?

ዘነበወርቅ፦ ሸኖ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሽብሩ፦ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሁለት ሰዓት።

ዘነበወርቅ፦ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ሽብሩ፦ እሺ፣ ይኸው። ገባሁልሽ። ተኛሁ። አሥር ደቂቃ አለሽ፣ ፊቴን ቅረጪና ልሂድ።

ዘነበወርቅ፦ ውጣ ከዚያ።

ሽብሩ፦ ጥሪያቸው እንጂ። ስትለምኚኝ አልዋልሽም?

ዘነበወርቅ፦ ውጣ አልኩህ፣ ሽብሩ። እናትህ ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ አንተን እዚህ አስተኝቼ ካሜራ ላስነሳ? እኔም ወልጃለሁ። ውጣ፣ ክዳኑን ልዝጋው።

ሽብሩ፦ ስልኬን ከሳፋው አውጪልኝ እንግዲያው።

ዘነበወርቅ፦ ምን ያደርግልሃል?

ሽብሩ፦ መኪና ልጥራ።

ዘነበወርቅ፦ የኔን ውሰድ፣ ቁልፉ ይኸው። ነዳጅ አላት። ስልኩን ለምን እንደፈለግከው ንገረኝ።

ሽብሩ፦ ነገርኩሽ።

ዘነበወርቅ፦ ሞተ የተባለ ልጅ በድንኳኑ በር ሲገባ። እናት ስታየው። እስከ አራተኛው ደቂቃ አይደለም፣ እስከ አርባኛው የሚያስቀምጥ ነገር ነው።

ሽብሩ፦ አስቤዋለሁ። አልዋሽሽም። ገና አስካለ እያለቀሰች አስቤዋለሁ።

ዘነበወርቅ፦ እኔም አስቤዋለሁ። ካሜራውን ጭኜ ልከተልህ። እውነተኛ ድንኳን፣ እውነተኛ ለቀስተኛ፣ እኔ ከጻፍኩት የሚበልጥ መጨረሻ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ስለዚህ ያንተ ስልክ ሳፋው ውስጥ ይቆያል፣ የኔም ካሜራ እዚህ ይቆያል። እናትህን ማንም አይቀርጻትም።

ሽብሩ፦ ግቢ ውስጥ ላሉትስ ምን ትያቸዋለሽ?

ዘነበወርቅ፦ ሟቹ ጉዳይ ገጠመው እላቸዋለሁ። ሂድ አሁን። ኮቱን አውልቅ፣ የቀረጻ ልብስ ከግቢ አይወጣም።

ሽብሩ፦ ዘኔ፣ ሽብሩን ካየችው ሁለት ዓመት አልፏታል። ጸጉሬ ማለቁን እንኳን አታውቅም። ያለ ኮቱ ብገባ ከለቀስተኞቹ አንዱ ነው የምመስላት።

ዘነበወርቅ፦ እንግዲያው ባርኔጣውንም አድርግ። ከዘራውንም ያዝ።